የቀኑ የእማማ፣ የማታው የእኛ

ባሏ «እማዬን አውጥተሽ ሒሳቡን አስዪውማ» ያለ ጊዜ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ድምፁም ለቤቱ ሁሉ ተለቆ ነበር። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የትንሿ ልጅ ፀጉር ነው። ሁለት እጅ ካልያዘው የማይገራ ፀጉር ስለሆነ፣ ባልየው ከሌሊት ሥራ ወጥቶ ጠዋት ጠዋት ሲደውል፣ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ፣ ልጅቷን ጉልበቶቿ መሃል ሰክታ፣ እየጎነጎነች ነው የምታወራው። አማቷ የልጆቹን የትምህርት ቤት ሸሚዞች ተኩሰው ጨርሰው፣ እንዳይጨማደዱ በሁለት እጃቸው ዘርግተው ይዘው ከጓዳ ብቅ አሉ። በሩ ላይ ለአንድ አፍታ ቆሙ። ከዚያ ገቡና ሸሚዞቹን ወንበሩ ላይ አንድ በአንድ አነጠፉ፣ የአንደኛውን ኮሌታ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ» ብለው ተመለሱ። ሰሙ ወይስ አልሰሙም ብሎ መጠየቅ ራስን ማታለል ነው። ልጅቷ እንኳ ሰምታ አንገቷን ወደ ጓዳው ልታዞር ስትል፣ እናቷ በማበጠሪያው ጫፍ ጭንቅላቷን መልሳ አቀናችው።

እናትየዋን ሥራ ቦታ «ተኳሿ» ይሏታል። ጠመንጃ በእጇ ነክታ አታውቅም፤ የምትተኩሰው የሆቴል አንሶላ ነው። ስሙን ያወጣላት አንድ የሆቴሉ ዘበኛ ነበር፣ ዘበኛው ለቆ ሄዶ ስሙ ቀረ፣ እኛም በዚያው እንጥራት። ተኳሿ ስልኩን አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችና «ድምፅህ ለቤቱ ሁሉ ተለቆ ነበር እኮ» አለችው።

«ሰማች?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ከባሏ በኩል የአውቶቡስ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። «እናቴ ናት፣ ጠልቻት አይደለም» አለ በመጨረሻ። «አከራዩ ሰውዬ ግን ዛሬ መልስ ይፈልጋል። አንድ መኝታ ያለውን ቤት ልውሰድ ወይስ ሁለት መኝታ ያለውን? ተራ የሚጠብቅ ሰው በሽ ነው። ማታ ከሥራ ስትገቢ እደውላለሁ፤ ከሁለቱ ልጆች ጋር ሦስት፣ እማዬ ከተጨመረች አራት፤ አንዱን በይኝ፣ አለቀ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልየው ያለበት አገር ቤት የሚከራየው ባዶውን ነው። መብራቱ ለብቻ፣ ውሃው ለብቻ፣ ቆሻሻው ለብቻ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ማሞቂያው ለብቻ ይከፈላል፤ የማሞቂያው ነገር ሲነሳ ባልየው ራሱ ድምፁ ይቀንሳል። ቤተሰብ ለማስመጣት ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደሞዝህ ለዚህ ሁሉ ይበቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ የሚጠይቀውም በነፍስ ወከፍ ነው። ካልበቃ አንድ ሰው ቀንሶ ሌላውን አያሳልፍም፤ ፋይሉን እንዳለ ይመልሰዋል። «ሦስቱንም አራቱንም አንድ ላይ ነው የሚመልሱት» ብሏታል ባሏ፣ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ። እሱ ደግሞ ሦስት ክረምት ያሳለፈው ከአራት ወንዶች ጋር በተደራራቢ አልጋ ላይ ስለሆነ አንድ ቤተሰብ በወር ስንት እንደሚያወጣ አያውቅም። ለነገሩ እዚህ እያለም አያውቅም ነበር። ስለዚህ ሚስቱን፣ እዚያ ያለውን እንድገምት እዚህ የምትፈጁትን ለክተሽ ላኪልኝ አላት።

ተኳሿም ለካች። የመብራት ቆጣሪው ያለው ኮሪደሩ ውስጥ ከበራቸው በላይ ነው፤ የጥንት ስለሆነ መስታወቱ ሥር አንዲት ስስ የብረት ጎማ ትዞራለች፣ ጎማዋ ላይ ቀይ ምልክት አለ። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ በርጩማ ላይ ቆማ ታነበዋለች፣ ማታ ስትገባ እንደገና ታነበዋለች፣ ቁጥሩን ለባሏ ትልካለች። ባሏ በመጀመሪያው ሳምንት «ቀን ቀን ይኼን ሁሉ የሚፈጀው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። እሷም እየሳቀች «ቀን ቤት የሚውለው ማን ሆነና! የቀኑ የእማማ፣ የማታው የእኛ» አለችው። ቀልድ ነበር። ባልየው ግን ሰው አገር ከሄደ ወዲህ ቀልድ ሲሰማ እንደ ሒሳብ ነው የሚይዘው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የቀኑን ለብቻ፣ የማታውን ለብቻ ይደምር ጀመር። የቀኑ ከማታው በለጠ፤ በሁሉም ቀን በለጠ። የማይበልጥበት ምክንያት የለም። ሠፈሩ ውስጥ ማታ ማታ መብራቱ ይደክማል፣ አምፖሉ የበሰለ ብርቱካን ይመስላል፣ ምድጃው ውሃ ማፍላት ያቅተዋል። ስለዚህ የሚቀቀለው ሁሉ በቀን ይቀቀላል፣ የሚታጠበው በቀን ይታጠባል፣ የሚተኮሰው በቀን ይተኮሳል፣ ልጆቹ የሚታጠቡበትም ውሃ በቀን ይሞቃል። ባልየው ይህን ያውቀዋል፣ እዚሁ ቤት ነው ያደገው። ግን ሸሚዙ ተተኩሶ ወንበር ላይ ሲያገኘው የኖረ ሰው ሸሚዝ መብራት እንደሚበላ በምን ያስታውሰዋል!

ተኳሿ ስትወጣ አማቷ የምሳ ዕቃዋን በጨርቅ ጠቅልለው አቀበሏት። ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው በርጩማ ላይ ከቆመ ሌላው ማለፍ አይችልም፣ ስለዚህ አሮጊቷ ሁልጊዜ ጠዋት ምራታቸው ቆጣሪውን አንብባ እስክትወርድ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ዛሬ ግን ቀና ብለው አብረዋት አዩ።

«ልጄ፣ ያቺ ቀይዋ ስትዞር ነው አይደል የሚቆጥረው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ካልዞረች አይቆጥርም።»

«አይቆጥርም።»

«እንዲያ ነው ለካ» አሉና በርጩማውን አንስተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ላውንደሪው የሆቴሉ ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ በመስኮት ፋንታ አንድ ማራገቢያ አለ፣ እሱም ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ያዛውራል እንጂ አያስወጣም። ተኳሿ አንሶላውን በአንድ ወገን፣ «ሬዲዮ» የሚሏት ባልደረባዋ በሌላ ወገን ይዘው ለትልቁ መተኮሻ ማሽን ያጎርሱታል፣ ማሽኑ በዚያኛው በኩል እንደ ወረቀት አድርጎ ይተፋዋል። ሬዲዮ የተባለችው የማትዘጋ ስለሆነች ነው። እህቷ ባልየው ካለበት አገር አጠገብ ባለው አገር አምስት ዓመት ኖራ ተመልሳለች፤ ስለዚህ ሬዲዮ ስለዚያ አገር የማታውቀው ነገር የለም። ዛሬም ገና አንሶላ ሳይጀመር ጀመረች። እዚያ ሰው ቤቱ ውስጥ ካፖርት ለብሶ ነው ቴሌቪዥን የሚያየው። ገላ የሚታጠበው ቀን ተቆጥሮ ነው። መስኮት የሚከፍት ሰው ባለጸጋ ነው፣ ወይም ዕብድ። «ትልቅ ሰው ይዞ መሄድ ደግሞ» አለችና ምላሷን በጥርሷ ያዝ አደረገች፤ ሬዲዮ እንኳ ምላሷን የምትይዝበት ጊዜ አለ። ተኳሿ ጠዋት የሆነውን አልነገረቻትም። ለሬዲዮ መንገር ለሆቴሉ እንግዶች በየክፍላቸው ስልክ መደወል ነው።

ረፋዱ ላይ ኃላፊው ወረደ። ምድር ቤት ሲወርድ ክራባቱን ያላላል፣ ያ ሲሆን ሴቶቹ ነገር እንዳለ ያውቃሉ። በእጁ የሆቴሉን የመብራት ቢል ይዟል። ማሽኑን አስቆመና ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አሳያቸው፣ ከዚያ ርቀት ሊያነቡት እንደማይችሉ እያወቀ። «ከሆቴሉ ክፍሎች ሁሉ መብራት የሚጨርሰው ይኼ ነው» አለ። «ወጥ ቤቱን እንኳ በልጣችሁታል። ይኼን ሆቴል እየበላችሁት ነው። ባለቤቱ በግልጽ ተናግሯል፣ ከሚመጣው ወር እዚህ ክፍል አንድ ሰው ይቀነሳል።»

ሬዲዮ ያዙኝ ልቀቁኝ ሳትል፣ አንሶላዋን እንደያዘች፣ በለሆሳስ «ጌታዬ፣ አንሶላው ላይ የተኛነው እኛ ነን እንዴ?» አለች።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አጣቢዎቹም ሳቁ፣ አጣፊዋም አፏን በፎጣ ሸፍና ሳቀች፣ ኃላፊው ራሱ ሊስቅ ብሎ ክራባቱን አጥብቆ ወጣ። ተኳሿም ሳቀች። ማሽኑ እንደገና ተነሣ። አንድ አንሶላ አለፈ፣ ሁለተኛው ገባ፣ እሷ ግን ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። የጠዋቱ ሸሚዞች ትዝ አሏት። ሸሚዞቹን የለበሱት አማቷ አይደሉም። ያ ሁሉ የፈላ ውሃ አማቷ ገላ ላይ አልፈሰሰም፣ ያ ሁሉ የተቀቀለ ድንች አማቷ ሆድ አልገባም፤ እሳቸው ለራሳቸው የሚያበሩት ነገር ቢኖር የጓዳዋን አምፖል ነው፣ እሷንም ቢሆን ክር በመርፌ ሲያስገቡ ብቻ። «የቀኑ የእማማ» ያለችው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፣ እሷው ናት። አራት ሳምንት ሙሉ በርጩማ ላይ እየወጣች የላከችው የአሮጊቷን ድካም ነበር፣ ባሏ ዘንድ ሲደርስ ዕዳ ሆነ። እጇ ቆሞ ኖሯል፤ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ሲመጣና ሬዲዮ «አንቺ!» ብላ ስትጮህ ጎትታ አወጣችው፣ አንሶላው መሃሉ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቢጫ ይዟል። የተቃጠለ አንሶላ ከደሞዝ ይቆረጣል። የሚቀነሰው ሰው ስም ሲጠራም የተቃጠለው አንሶላ መጠራቱ አይቀርም።

በምሳ ሰዓት የባሏ እህት ጋ ሄደች። የባሏ እህት ከሆቴሉ ጀርባ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ ቤት ይባል እንጂ አንድ ማሽን፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰው ብቻ የሚያስቆም ነው። ደንበኞቿ አብዛኞቹ ውጭ አገር ለመሄድ የሚሯሯጡ ሰዎች ናቸው፤ የልደት ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የሥራ ልምድ፣ ሁሉም ከአራት ከአምስት ቅጂ። ተኳሿ ያልተነካውን የምሳ ዕቃዋን ብብቷ ሥር እንደያዘች የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ በሩ ላይ ቆመች። እማማ ድንገት የማይሄዱ ከሆነ ማን ጋ ይሆናሉ የሚለውን ልትጠይቅ ነበር የመጣችው፣ ቢያንስ መንገድ ላይ ለራሷ የነገረችው ይህንን ነው። መጠየቅ ሳያስፈልጋት ቀረ።

«ወንድሜ ትናንት ደውሎልኛል» አለች የባሏ እህት፣ ዓይኗን ከማሽኑ ሳታነሳ። «እኔ እናቴን ጠልቼ አይደለም። ግን የቤቱን ግማሽ መብራት የምትፈጀው እማዬ ናት አለኝ፣ እንዲያውም ከግማሽ በላይ። እኔ ደግሞ ቆጣሪዬ ከአከራዬ ጋር የጋራ ነው። ሴትዮዋ አምፖል ለማጥፋት ከዘገየሁ በር የምታንኳኳ ናት፤ እማዬን ይዤ ብገባ ልብሴን አውጥታ ትወረውረዋለች። ለአንድ ወር ከሆነ እሺ። ከዚያ በላይ ግን እሱ በየወሩ የምትፈጀውን ይላክላት።»

ጠልቼ አይደለም የሚለውን ወንድምም እህትም እኩል ይችሉበታል። ተኳሿ የምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እማማ እኮ የሚፈጁት ለራሳቸው አይደለም» አለች። «ምግቡም ልብሱም የልጆቹም ገላ፣ ሁሉንም የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ማታ ስገባ እጄን ታጥቤ መብላት ብቻ ነው። የቀኑ መብራት የእኛው ነው።»

የባሏ እህት ያን ጊዜ ቀና አለች። ፊቷ እናቷን ቁርጥ ነው፤ ያው ጠባብ ግንባር፣ ያው ሰውን ረጋ ብሎ የሚያይ ዓይን። «ታዲያ ይኼን ለእኔ ነው ለእሱ የምትነግሪው?» አለች። «ቆጥረሽ የላክሽለት አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ተኳሿና ወረቀት ይዞ የሚገባ አንድ ሰውዬ በሩ ላይ ተጣበው ተላለፉ፣ የምሳ ዕቃዋን እዚያው ረስታ ወጣች። ከሰዓት በኋላውን እንዴት እንደሠራች እሷም አታውቀው። ሬዲዮ ስለ እህቷ ያወራችውን ቀጠለች፣ ማሽኑ አንሶላውን መዋጡን ቀጠለ፣ እሷ ግን ለባሏ የምትለውን እያዘጋጀች ነበር። አውቶቡስ ውስጥም አዘጋጀች። አራት ነን እለዋለሁ። ያለ እሳቸው ብንሄድ እኔ ሥራ ስገባ ልጆቹን ማን ይጠብቃል እለዋለሁ፣ ለሚጠብቅ የሚከፈለውስ ተደምሯል ወይ እለዋለሁ፣ የቀኑ ቁጥር የእናትህ አይደለም፣ የአንተ ልጆች ሸሚዝ ነው እለዋለሁ። ፋይሉ ይመለሳል ካለ ይመለስ እለዋለሁ። እዚህች ላይ ስትደርስ ልቧ ትንሽ ይፈራል፤ ሦስት ዓመት ባሏን በስልክ ነው ያየችው፣ ትንሿ ልጅ አባቷን የምታውቀው በድምፁ ነው። ቢሆንም ከአውቶቡስ ስትወርድ «አራት» ብላ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ አጠገቧ የነበረች ሴት የአውቶቡሱን ቁጥር የነገረቻት መስሏት «አመሰግናለሁ» አለች።

ኮሪደሩ ውስጥ ስትገባ የጎደለ ነገር እንዳለ የነገራት አፍንጫዋ ነው። በዚህ ሰዓት ከበራቸው ሥር የሽንኩርት ሽታ ይወጣል፣ ዛሬ የለም። ገመዱ ላይ ልብስ አልተሰጣም። ቆጣሪው ሥር በርጩማው ተቀምጧል። በሩን ስትከፍት ቤቱ ጨለምለም ብሏል፣ አምፖል አልበራም፤ ከመስኮቱ የሚገባው የመሸ ብርሃን ብቻ ነው። ልጆቹ የትምህርት ቤት ልብሳቸውን ሳይቀይሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተደርድረው ደረቅ ዳቦ ይገምጣሉ። የቆሸሸው ልብስ ቅርጫቱ ውስጥ እንደ ጠዋቱ ተቆልሏል። አማቷ መስኮቱ አጠገብ፣ ለቀብርና ለሐኪም ቤት ብቻ የሚለብሱትን ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አስረው፣ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል።

«እማማ! ምን ሆኑ? አመመዎት?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ» አሉ፤ ድምፃቸው ከቅዝቃዜው ሻክሯል። «ሂጂ እስቲ በርጩማው ላይ ውጪና እዪው። እኔ ከታች ሆኜ አላነበውም፣ ብቻ ቀይዋን ቀኑን ሙሉ ወደ ኮሪደሩ ብቅ እያልኩ ሳያት ነበር፣ ከረፋዱ ወዲህ አልተነቃነቀችም።»

ተኳሿ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወጥታ በርጩማው ላይ ቆመች። ጎማዋ ቆማለች። ቀይዋ ምልክት መስታወቱ ሥር፣ ከፊት ለፊት፣ እንደ ዓይን ቀጥ ብላ ታያታለች። ቁጥሩ ጠዋት ያነበበችው ቁጥር ነው። ከኋላዋ አማቷ በሩን ተደግፈው ቆመው፣ ምን እንዳደረጉ በዝርዝር ነገሯት። ምድጃውን አልነኩም። ልብስ አላጠቡም፣ አልተኮሱም። ሻይ ሲያምራቸው ቀዝቃዛ ውሃ ጠጡ። ልጆቹ ቴሌቪዥን ብለው ሲያለቅሱ ተረት አወሩላቸው። መጀመሪያ ላይ ሁሉን አጥፍተውም ቀይዋ ቀስ እያለች ትዞር ነበርና ቢጨንቃቸው ጊዜ ጓዳ ለጓዳ ዞሩ፣ ለካ ፍሪጁ ኖሯል፤ እሱን ነቀሉትና ወተቱ እንዳይበላሽ ለጎረቤት ሰጡት። «ያን ጊዜ ቀጥ አለች» አሉ። «ብርዱም ቢሆን ይቻላል። ካፖርት ከለበሱ ምንም አይል። አየሽ ልጄ፣ እኔ እኮ ሰው የማስቸግር አይደለሁም። ንገሪው። ዛሬ ቤት ውዬ ነው ይኼ የሆነው በዪው።» ጥሩ ውጤት ይዞ እንደመጣ ተማሪ ነበር ፊታቸው። ተኳሿ ከበርጩማው ወርዳ እጃቸውን ስትይዘው ጣታቸው በረዶ ነበር፣ እንባዋ መጣ፤ ልጆቹ እንዳያዩባት ወደ ግድግዳው ዞረች።

ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ። ባሏ ከቀጠሮው ቀድሞ ነው የደወለው። ድምፁን አልለቀቀችውም፣ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ያዘችው።

«ሰውዬው አጠገቤ ቆሟል» አለ ባሏ። «ቶሎ በይ፣ የዛሬው የቀኑ ስንት ነው?»

«ምንም።»

«ምን ማለት ነው ምንም?»

«ቆጣሪው አልተንቀሳቀሰም። ጠዋት የነበረው ነው ያለው።»

ሳቀ። ባሏ ከሳቀ ስንት ጊዜው ነው፤ ሳቁን ስትሰማ መጀመሪያ የሌላ ሰው መሰላት። «እማዬ እህቴ ጋ ሄዳ ዋለቻ!» አለ። «ጠዋት ስትሰማ አኩርፋ ወደዚያ እንደምትሄድ አውቄያለሁ። አየሽ? አየሽ አይደል? ያልኩሽ እኮ ይኼን ነው። እሷ አንድ ቀን ወጣ ስትል ቆጣሪው ቀጥ!» ፍሪጁ የት ገባ ብሎ አልጠየቀም። ልጆቹ ምን በሉ ብሎ አልጠየቀም። ሳቁ ውስጥ የሦስት ክረምት ድካም ነበረበት፣ ደስ ያለው ሰው ደግሞ አይመረምርም።

የለም፣ እዚሁ ናቸው፣ እዚሁ ነው የዋሉት። ዓረፍተ ነገሩ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ከሆቴሉ ጀምሮ ይዛው መጥታለች፣ አፏን መክፈት ብቻ ነበር የቀራት። ከስልኩ ወዲያ አንድ ሰው በማታውቀው ቋንቋ አንድ ነገር አለ፣ ቁልፍ ተንቀጫቀጨ። አማቷ በሩ ላይ ሆነው፣ ንገሪው፣ ንገሪው እያሉ በራሳቸው ይነቀንቁላታል። ፋይሉን እንዳለ ይመልሱታል የሚለው ትዝ አላት። አንሶላው መሃል ላይ ያለው ቢጫ ትዝ አላት። ከሚመጣው ወር አንድ ሰው ይቀነሳል።

«ፍጠኚ እንጂ፣ ሊሄድብኝ ነው። ሦስት ልበለው?»

ተኳሿ አማቷን እያየች «በለው» አለች።

ቃሏ አንዲት ናት፣ ቀላል ናት፣ በማንም ጆሮ ደግ ነገር ትመስላለች። ባሏ በዚያ ቋንቋ ለሰውዬው ተናገረ፣ እንደገና ሳቀ፣ ነገ ጠዋት እደውላለሁ ብሎ ዘጋ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ትንሽ ጊዜ ጆሮዋ ላይ አቆየችው።

«ምን አለ?» አሉ አማቷ።

«ደስ አለው፣ እማማ። ሳቀ።»

«ሳቀ?» አሉና ራሳቸውም ሳቁ። «እሰይ፣ እሰይ የእኔ ልጅ! ጠዋት እኮ የተጨነቀ ሰው ነገር ነው የተናገረው፣ እኔ መች ጠፋኝ። አልተቀየምኩም። በይ አሁን ልጆቹ ትኩስ ነገር ሳይቀምሱ ዋሉ፣ አንቺም ድክምክም ብለሻል።» ጉልበታቸውን እየደገፉ ወደ ጓዳ ገቡ። ፍሪጁ ተሰክቶ ማጉረምረም ጀመረ፣ አምፖሉ በራ፣ ምድጃው ላይ ድስት ተጣደ፣ የቧንቧ ውሃ ከቅርጫቱ በወጣው ልብስ ላይ መውረድ ጀመረ። ካፖርታቸውን አላወለቁም፤ እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስበው ነው ሽንኩርት የጀመሩት። ተኳሿ ኮሪደሩ ውስጥ ቀረች። ቀይዋ ምልክት ትንሽ ተንቀጠቀጠችና ተነሣች፣ ዞራ ጠፋች፣ ተመልሳ መጣች፣ ከዚያ እየፈጠነች ሄደች።

አማቷ ቢላዋቸውን እንደያዙ ብቅ ብለው ቀና አሉ፣ ከፍታውን በዓይናቸው ለኩት።

«እኔ ምለው ልጄ፣ እዚያ አገርም ቆጣሪውን እንዲህ ሰማይ ላይ ነው የሚሰቅሉት? አንቺ ሥራ ስትውዪ የማየው እኔ ነኝ፤ በርጩማ መውጣቱን ደግሞ ጉልበቴ አይችለውም።»

ተኳሿ ጎማዋን ከማየት አልተመለሰችም።

«ዝቅ ያለ ነው አሉ፣ እማማ» አለች። «ቁጭ ብለው ያዩታል።»